ክለብን ከቢሮ መምራት፦ ከባርሴሎና እስከ ማንቸስተር የአንድ ሥራ አስኪያጅ ጉዞ

ለምን ይህ ጉዳይ?

ስለ እግር ኳስ ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ተጫዋችና አሰልጣኝ ነው። ቢሮ ቁጭ ብሎ የክለቡን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ብዙም አናነሳውም። ማልያው ላይ የማን ስም ይጻፍ፣ ትኬቱ ስንት ይሸጥ፣ የተጫዋች ደሞዝ እንዴት ይከፈል የሚለውን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ብዙ ክለቦች የሚፈርሱትም ሜዳ ላይ ተሸንፈው ሳይሆን እዚያ ቢሮ ውስጥ በተሠራ ስህተት ነው።

እዚህ የምጽፈው እንዲህ ዓይነት ቢሮ ውስጥ ስላለፈ አንድ ሰው ነው። በ2003 የባርሴሎና የፋይናንስ ኃላፊ ሆነ። ከዚያ አየር መንገድ መራ፤ አየር መንገዱ ተዘጋ። በ2012 ማንቸስተር ሲቲን ይዞ በብዙ አገሮች ክለቦች ያሉት ትልቅ ግሩፕ አደረገው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አስተሳሰብ፣ ሦስት ቦታ፣ ሦስት የተለያየ ውጤት። ለዚህ ነው ጉዳዩ ተጽፎ መቀመጥ ያለበት የሚመስለኝ።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ኳስ የሚከታተል አንባቢ ማን ማን እንደሆነ አያጣውም፤ እኔ ግን አሠራሩ ላይ ማተኮር እፈልጋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ሰውየው የባርሴሎና ከተማ ልጅ ነው። ኳስ ተጫዋች አልነበረም። ቢዝነስ ተምሮ በአማካሪነት ሠርቷል፤ ለቴሌኮም ኩባንያዎች ምክር የሚሰጥ ድርጅትም ከጓደኞቹ ጋር አቋቁሟል። በ2003 ክረምት አንድ ወጣት ጠበቃ የባርሴሎና ፕሬዝዳንት ለመሆን ሲወዳደር አብረውት ከተሰለፉት የቢዝነስ ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ምርጫውን አሸነፉ።

ባርሴሎና የግለሰብ ንብረት አይደለም። ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው። ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ለአባላት ጉባኤ ይቀርባል። የቦርድ አባላቱ ደሞዝ አያገኙም። እንዲያውም በስፔን ሕግ መሠረት የክለቡን በጀት 15 በመቶ የሚሸፍን የባንክ ዋስትና ራሳቸው ማስያዝ ነበረባቸው። ይህችን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ትለኛለች። ክለቡ በገንዘብ ሲጎዳ የእነሱም ኪስ አብሮ ይነካል ማለት ነው።

ችግሩ

ክለቡን ሲረከቡ ነገሩ አስፈሪ ነበር። ቡድኑ በ2002/03 ላሊጋውን 6ኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። ከ1999 ወዲህ የሊግ ዋንጫ አላነሳም። የዓመቱ ገቢ 123 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ኪሳራው ደግሞ ከ70 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነው። ገቢውን የሚበላው በዋናነት ደሞዝ ነበር። በዚያው ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ ከ250 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አስገብቷል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሁለቱ ክለቦች በገቢ ተቀራራቢ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ቤት የተረከበ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው መቀነስ ነው፦ ውድ ተጫዋች መሸጥ፣ ዕዳ መክፈል፣ ጥቂት ዓመት አንገት ደፍቶ መጠበቅ። ሁለተኛው ዕዳውን ከባንኮች ጋር ተደራድሮ ማራዘምና በቀረችው አቅም ቡድኑን ማጠናከር ነው። እነሱ ሁለተኛውን መረጡ። ምክንያታቸው ጊዜ ነበር። የዓለም የኳስ ገበያ በዚያ ሰሞን በፍጥነት እያደገ ነው። ያኔ ወደ ኋላ የቀረ ክለብ በኋላ ከፊተኞቹ ጋር መድረስ አይችልም ብለው አሰቡ። ውሳኔው ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ባይሳካ ኖሮ ዛሬ እንደ ትልቅ እብደት ነበር የምናነሳው።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5

ፕሬዝዳንቱ በምርጫው ቅስቀሳ አንድ ዝነኛ እንግሊዛዊ አመጣለሁ ብሎ ነበር። እንግሊዛዊው ሪያል ማድሪድ ገባ። በምትኩ ከፓሪ ሰን ዠርማን አንድ ብራዚላዊ መጣ።

በሴፕቴምበር 2003 መጀመሪያ ባርሴሎና በሜዳው ሴቪያን ይገጥማል። ጨዋታው የተያዘው ረቡዕ ነው። በዚያው ረቡዕ ግን ተጫዋቾቹ ወደየብሔራዊ ቡድናቸው መሄድ አለባቸው። ክለቡ ጨዋታው ወደ ማክሰኞ ይምጣልን አለ። ሴቪያ አሻፈረኝ አለ። ባርሴሎና ታዲያ ጨዋታውን ማክሰኞ አልቆ ረቡዕ እንደገባ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ አስጀመረው። ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ሕጉ አልተጣሰም።

በዚያ ሰዓት ማን ይመጣል? ክለቡ ምሽቱን ወደ ድግስ ለወጠው። ለደጋፊው ጋስፓቾ የሚሉትን ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ በነጻ አደለ። በማግስቱ ሥራ ያለበት ሕዝብ 80 ሺሕ ገደማ ሆኖ ስታዲየም ገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ብራዚላዊው ኳስ ከራሱ ሜዳ ይዞ ተነሳ፣ ሁለት ተከላካይ አለፈ፣ ከሩቅ መታት። ኳሷ የግቡን አግዳሚ ከሥር ነክታ ገባች። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ነጥብ ተጣለ ማለት ነው፤ ያን ምሽት ግን እንደ ሽንፈት የሚያስታውሰው የለም።

ይህን በዝርዝር ያነሳሁት ሙሉው አካሄድ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። መሰናክል መጣ። በሕጉ ውስጥ ቀዳዳ ፈለጉ። ቀዳዳውን ደጋፊው የሚደሰትበት ነገር አደረጉት። ኮከቡም በሊግ ጨዋታ በቤቱ ሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገባ ሊረሳ በማይችል ሰዓት ሆነ። በገንዘብ ብታስቡት የወጣው ወጪ ሾርባ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ወደ አባላቱ ሄዱ። አዲስ አባል የማብዛት ትልቅ ዘመቻ ተከፈተ። በ2003 ከ100 ሺሕ ትንሽ ከፍ የሚለው የአባል ቁጥር በ2008 ከ160 ሺሕ አለፈ። የአባልነት መዋጮ ጥቅሙ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ቡድኑ አሸነፈም ተሸነፈም በየዓመቱ የሚገባ፣ በጀት ሲሠራ የሚታመንበት ገቢ ነው።

ቀጥሎ የደሞዝ አከፋፈሉ ተነካ። አዳዲስ ውሎች ቋሚና ተለዋጭ ክፍል እንዲኖራቸው ተደረገ። ቡድኑ ካሸነፈ፣ ተጫዋቹም ከተሰለፈ ተለዋጩ ይጨምራል። ካልሆነ ይቀንሳል። መጥፎ ዓመት ሲመጣ ገቢው ብቻ ሳይሆን ወጪውም አብሮ ይወርዳል ማለት ነው። ለአንድ ክለብ ይህ ትልቅ መከላከያ ነው።

የቴሌቪዥን ውል፣ ወደ አሜሪካና እስያ የክረምት ጉዞ፣ የማልያ ሽያጭ፣ ሁሉም ተስተካክሏል። እነዚህን ሌሎች ትልልቅ ክለቦችም ስላደረጓቸው ብዙ አልቆይባቸውም።

ማልያው ላይ ግን ልቆይ። የባርሴሎና ማልያ ደረቱ ላይ የንግድ ስም ኖሮት አያውቅም ነበር። ገንዘብ የቸገረው ክለብ መጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ይኸው ነው። በ2006 ደረቱ ላይ ስም ተጻፈ፤ የተጻፈው ግን ዩኒሴፍ ነው። ያውም ክለቡ አልተከፈለውም። ራሱ ነው ለዩኒሴፍ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት የተስማማው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ልግስና ብቻ ያየዋል። ልግስናም ነው፤ ጎን ለጎን ግን ክለቡ በዓለም ፊት የሚታይበትን መልክ ለወጠው። ባርሴሎናን የማያውቁ ሰዎችም በዚያ ማልያ አወቁት። ሌሎች ስፖንሰሮችም ከእንዲህ ያለ ስም ጋር መታየት ፈለጉ። ማልያው ለክፍያ የተሸጠው በኋላ በሌላ ቦርድ ነው። በ2010 መጨረሻ ከኳታር ፋውንዴሽን ጋር የተፈረመው ውል በዓመት 30 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር።

ቁጥሩ ምን አለ? በ2007/08 የክለቡ ገቢ 308 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ። ሜዳ ላይ ደግሞ የ2005 እና የ2006 ላሊጋ፣ እንዲሁም ፓሪስ ላይ አርሰናልን 2 ለ 1 አሸንፈው ያነሱት የ2006 ሻምፒዮንስ ሊግ አለ።

መውጫውና አየር መንገዱ

ከዚያ ሁለት ዓመት ያለ ትልቅ ዋንጫ አለፈ። ያ ብራዚላዊ ቀዘቀዘ፤ በ2008 ክረምት ወደ ሚላን ሄደ። በጁላይ 2008 አባላቱ በፕሬዝዳንቱ ላይ ድምፅ ሰጡ። 60 በመቶ የሚሆነው ይውረድ አለ። ለማውረድ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ ስለነበር ፕሬዝዳንቱ ወንበሩ ላይ ቀረ። የእኛ ሰው ግን ከሌሎች የቦርድ አባላት ጋር ሥራውን ለቀቀ። በዚያ ሁሉ የገቢ ዕድገት ላይ 60 በመቶ አባል ተቃወማቸው። ሒሳቡ አምሮ ደጋፊው ሊከፋ እንደሚችል እዚህ ላይ ይታያል። ይህ ነገር ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በ2009 ስፓንኤር የሚባለውን አየር መንገድ የካታሎኒያ ባለሀብቶች ገዙት፤ ሊቀመንበሩ እሱ ሆነ። ዓላማው ባርሴሎናን የትልቅ አየር መንገድ መናኸሪያ ማድረግ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ባርሴሎና መጣ። ጊዜው ግን የስፔን ኢኮኖሚ የወደቀበት፣ ርካሽ አየር መንገዶች ገበያውን የያዙበት ነበር። ኳታር ኤርዌይስ ገንዘብ ያስገባል ተብሎ ተጠበቀ፤ ድርድሩ ሳይሳካ ቀረ። በጃንዋሪ 27 ቀን 2012 ምሽት በረራ ቆመ። ከ20 ሺሕ በላይ ተሳፋሪ እቅዱ ተበላሸበት፤ 2 ሺሕ የሚደርስ ሠራተኛ ሥራ አጣ።

ብዙ ሰዎች ስለዚህ ሰው ሲጽፉ አየር መንገዱን በአንድ አንቀጽ ያልፉታል። እኔ ግን የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው ባይ ነኝ። ባርሴሎና ላይ የሠራው ዘዴ፣ ማለትም በችግር ጊዜ ማስፋፋት፣ እዚህ አልሠራም። ለምን? ባርሴሎና በ6ኛ ደረጃ ላይ እያለም ከ100 ሺሕ በላይ መዋጮ የሚከፍል አባል ነበረው። የአየር መንገድ ተሳፋሪ ግን 20 ዩሮ የቀነሰ ትኬት ካገኘ በማግስቱ ሌላ ጋ ይሄዳል። የክለብ ማርኬቲንግ ባለሙያ ያደገው ገቢ ሁሉ የእሱ ችሎታ ሊመስለው ይችላል። ከሥር ያለው የደጋፊው ፍቅር ነው።

ማንቸስተር፦ አንድ ክለብ ብዙ ክለብ ሲሆን

በሴፕቴምበር 2012 ማንቸስተር ሲቲ ገባ። ክለቡ ከ2008 ጀምሮ የአቡዳቢ ባለቤቶች ስለነበሩት የገንዘብ ችግር አልነበረበትም። ችግሩ ኪሳራው ነው፤ በ2010/11 ብቻ ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከስሯል። የክለቦችን ወጪ የሚገድበው የአውሮፓ ሕግ ደግሞ እየጠነከረ ነበር። በ2014 የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋ ሲቲን በወጪ ሕግ ጥሰት ቀጣው።

እሱ ያመጣው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ክለብ በአንድ ከተማ ስንት ትኬት ሊሸጥ ይችላል? ገደብ አለው። በብዙ አገር ክለብ ካለህ ግን ተጫዋች የሚመለምለውን ስካውት፣ የሕክምና ባለሙያውን፣ የአሠልጣኞችን ሥልጠና፣ የስፖንሰር ድርድሩን በአንድ ላይ ትሠራለህ። በ2013 ከቤዝቦል ክለቡ ኒውዮርክ ያንኪስ ጋር በመሆን ኒውዮርክ ሲቲ ተመሠረተ። በ2014 ሜልቦርን ሃርት ተገዝቶ ሜልቦርን ሲቲ ተባለ። የጃፓኑ ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ ድርሻ ተገዛ። ቀጥሎ ኡራጓይ ውስጥ ሞንቴቪዴዮ፣ ስፔን ውስጥ ጅሮና፣ ሕንድ ውስጥ ሙምባይ፣ ቤልጅየም ውስጥ ሎመል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ትሯ፣ ጣሊያን ውስጥ ፓሌርሞ፣ ብራዚል ውስጥ ባህያ መጡ።

በገንዘብ በኩል ሠርቷል። በ2014/15 ሲቲ በአዲሶቹ ባለቤቶች ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ አተረፈ፤ ትርፉ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። በ2019 አንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ከግሩፑ 10 በመቶ ገደማ በ500 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዋንጫውም መጣ። ሲቲ በ2023 በአንድ ዓመት ሦስቱን ትልልቅ ዋንጫዎች አነሳ። ዮኮሃማ በ2019፣ ኒውዮርክ፣ ሜልቦርንና ሙምባይ በ2021 የየሊጋቸው ሻምፒዮን ሆኑ። በ2021 የግሩፑን ስም ያዳመቀው ሲቲ ብቻ አልነበረም።

ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገርም አለ። በፌብሩዋሪ 2023 ፕሪሚየር ሊጉ በማንቸስተር ሲቲ ላይ ከ100 በላይ የሕግ ጥሰት ክሶች አቅርቧል። ክሶቹ የሚያነሱት በዋናነት ከ2009 ጀምሮ ያሉ ዓመታትን ነው። ክለቡ ጥፋት የለብኝም ብሏል።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ስንጥቅ ኒውዮርክ ላይ ታየ። በ2014 ክረምት ኒውዮርክ ሲቲ ቼልሲን የለቀቀ ዝነኛ እንግሊዛዊ አማካይ ማምጣቱን አስታወቀ። ሊጉ የሚጀምረው በማርች 2015 ነው። እስከዚያ በማንቸስተር ሲቲ በውሰት ይቆያል ተባለ። ተጫዋቹ እዚያ ጥሩ ሆነ፤ የቀድሞ ክለቡ ቼልሲ ላይም አገባ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ማንቸስተር እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ ይቆይልኛል አለ። ከዚያ ነገሩ ሲጣራ ውሰት የሚባል አልነበረም። ተጫዋቹ የተፈራረመው ከማንቸስተር ጋር ነበር። እሱን ለማየት የዓመት ትኬት የገዛው የኒውዮርክ ደጋፊ ተናደደ። ቢናደድ ይፈረድበታል?

ሜልቦርን ላይ ማልያውን ሰማያዊ ለማድረግ ሲሞክሩ ሊጉ ከለከለ፤ ቀለሙ የሲድኒ ክለብ ነው። ኒውዮርክም ለዓመታት በቤዝቦል ሜዳ፣ ጠባብ ሣር ላይ ሲጫወት ቆየ። የራሱ ስታዲየም የከተማውን ምክር ቤት ይሁንታ ያገኘው በ2024 ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ትሯ ነው። ትሯ ትንሽ ከተማ ናት፤ ክለቡ የከተማዋ ነው። በ2022 አንድ ወጣት ብራዚላዊ የክንፍ ተጫዋች ለትሯ ፈረመ። ለትሯ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም። ለሆላንዱ ፒኤስቪ፣ ከዚያ ለጅሮና በውሰት ተሰጠ፤ በ2024 ማንቸስተር ሲቲ ገባ። ትሯ ግን በ2023 ከፈረንሳይ አንደኛ ሊግ ወረደ። በቀጣዩ ዓመትም በሁለተኛው ሊግ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ጨረሰ፤ የተረፈው ሌላ ክለብ በገንዘብ ችግር ስለወረደ ነው። ደጋፊው ተቆጣ፤ ሜዳ ላይ ርችት ተወርውሮ ጨዋታ ተቋረጠ። በግሩፑ ሒሳብ ያ የተጫዋች ዝውውር ትርፍ ነው። ስታዲየም ለሚመጣው የትሯ ሰው ግን ያልታየ ተጫዋች ነው።

ጅሮና በተቃራኒው ተሳካለት፤ በ2023/24 ላሊጋውን 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ስኬቱ ግን ሌላ ችግር ወለደ። ሁለት የአንድ ባለቤት ክለቦች በአንድ ሻምፒዮንስ ሊግ መጫወት ስለማይችሉ ግሩፑ የጅሮናን ድርሻ ለገለልተኛ ባለአደራ ማስረከብ ነበረበት።

ለእኛ ምን ይወጣዋል?

ማንቸስተርን ለእኛ ክለቦች አርአያ አድርጎ ማቅረብ አይሆንም። ከኋላው ያለው ገንዘብ ሌላ ነው። ባርሴሎና የሠራው ግን ባለ ሀብት ሳይኖረው ነው፤ የሚጠናው እሱ ነው።

የእኛ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች አብዛኞቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ ደሞዝ ይዘገያል። ደሞዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል። በ2020 ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር፤ የቴሌቪዥን ገንዘብ ብቻውን ግን ክለብ አይሸከምም። እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ያሉት ክለቦች ያላቸው ሌላው የሌለው ሀብት ሕዝቡ ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ አስኪያጅ ክለብ ሲረከብ የመጀመሪያ ሥራው ደጋፊውን መመዝገብ ቢሆን ይሻላል፦ ስም፣ ስልክ፣ በዓመት ትንሽ መዋጮ፣ በምላሹ ደግሞ ድምፅ። ያለ ድምፅ የሚሰበሰብ መዋጮ ብዙ አይቆይም።

የደሞዝ ውሉም በአንድ የዝውውር መስኮት ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ቋሚው ክፍል ክለቡ በክፉ ዓመትም ሊከፍለው የሚችለው ይሁን። የቀረው በተሰለፈበት ጨዋታና በደረጃ ይታሰር። ተጫዋቹም አይጎዳም፤ ለስድስት ወር ሳይከፈለው ከሚቀር ትልቅ ደሞዝ በየወሩ የሚገባ ትንሹ ይሻለዋል።

ከኒውዮርክ የምወስደው ደግሞ ለደጋፊ የሚነገረው ነገር ውሉ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን የሚለውን ነው። ተጫዋች ፈረመ ከተባለ ፈርሞ ይሁን። ሒሳቡም እንደዚያው። ባርሴሎና በኪሳራው ዓመት ሳይቀር ሒሳቡን ለአባላቱ አቅርቧል፤ ባንኮቹም ዕዳውን ለማራዘም የተደራደሩት የታወቀ ቁጥር ይዞ ከመጣ ክለብ ጋር ነው። እዚህ ስፖንሰር ፍለጋ የሚወጣ ክለብ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚሄደው የቡድን ፎቶና ደብዳቤ ነው። የተመረመረ የሁለት ዓመት ሒሳብና የተመዘገቡ ደጋፊዎች ዝርዝር ይዞ ቢሄድ የሚቀበለው ማርኬቲንግ ኃላፊ ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ያገኛል።